ክፍት የሥራ ቦታና የሠራተኛ ፍልሰት መረጃን መሰብሰብና ማንበብ፦ የድሬዳዋን የሥራ ገበያ ለሚከታተሉ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ድሬዳዋ ውስጥ «ሥራ አለ ወይ?» ተብሎ ቢጠየቅ በአንድ ቀን ሁለት ተቃራኒ መልስ ይገኛል። የትምህርት ማስረጃውን በፕላስቲክ ማህደር ይዞ ከከዚራ እስከ ሳቢያን ማስታወቂያ ሰሌዳ ሲያነብ የዋለ ተመራቂ «የለም» ይላል። የፋብሪካ የሰው ኃይል ኃላፊ ደግሞ በዚያው ቀን «ሰው አጣሁ» ብሎ ያማርራል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ነገር ግን ሁለቱም የሚያዩት የገበያውን አንድ ጎን ብቻ ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ሁለቱን ጎኖች በቁጥር ለማገናኘት ለሚፈልግ ሰው ነው፤ ለክፍለ ከተማ ወይም ለቀበሌ የሥራ ዕድል ባለሙያ፣ ለሰው ኃይል ኃላፊ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚያዘጋጅ ተማሪ ወይም ለማሠልጠኛ ኮሌጅ ዲን ሊያገለግል ይችላል። ሥራው የሚጠይቀው ከተራ የሂሳብ ሠንጠረዥና ከትዕግሥት የዘለለ ነገር አይደለም። ሆኖም ከመጀመሪያው አንድ ነገር መያዝ ያስፈልጋል። ማስታወቂያ የሚወጣው አዲስ ሥራ ስለተፈጠረ ብቻ ሳይሆን የነበረው ሠራተኛ ስለለቀቀም ነው፤ ስለዚህ የክፍት ቦታ ብዛት ለብቻው ሲነበብ ያሳስታል። ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣና መውጣቱን የወሰነው ማን እንደሆነ («የሠራተኛ ፍልሰት» የምንለው ይህንን ነው) አብሮ ካልተቆጠረ፣ የሚያፈስ እንስራ ላይ የሚጨመረው ውኃ እንደ ብዙ ውኃ ሊቆጠር ይችላል።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውንና ወሰኑን መጻፍ

መረጃ ከመሰብሰብዎ በፊት ሊመልሱት የሚፈልጉትን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። «የድሬዳዋን የሥራ ገበያ ማጥናት» ጥያቄ አይደለም። «ባለፉት 6 ወራት በከተማዋ ፋብሪካዎች የታየው የሠራተኛ እጥረት ባለሙያ ስለሌለ ነው ወይስ የተቀጠረው ስለማይቆይ?» የሚለው ግን ጥያቄ ነው፤ ምን መቆጠር እንዳለበትም ራሱ ይናገራል።

ቀጥሎ ወሰን ይበጅለት። ሐረር በመኪና መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ናት፤ በመካከል ሐሮማያ አለች፤ ድሬዳዋ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ የሥራ ቦታው ጅግጅጋ ሊሆን ይችላል። ወሳኙ ሥራው የሚሠራበት ቦታ እንጂ ማስታወቂያው የተለጠፈበት ቦታ አይደለም፤ ይህንን ደንብ አንዴ ካወጡ በኋላ በየወሩ አይቀያይሩት።

ከዚያ የሚከታተሏቸውን ድርጅቶች ይምረጡ። አንድ ሰው ብቻውን ከ20 እስከ 30 ድርጅት በየወሩ ሊከታተል ይችላል። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከተመረቀው ነፃ የንግድ ቀጠና፣ ከስሚንቶና ከምግብ ፋብሪካዎች፣ ከትራንስፖርትና ከደረቅ ወደብ አገልግሎት፣ ከሆቴሎች፣ ከባንኮች፣ ከግል ትምህርት ቤቶችና ከክሊኒኮች ድብልቅ ይሁኑ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማስታወቂያ የሚያወጡትን ብቻ መርጦ በመያዙ ነው። ለዓመት ያህል ምንም ያላስታወቀ ድርጅት «ዜሮ» የሚል መልስ ይሰጣል፤ ዜሮም መልስ ነው። የመረጧቸውን ድርጅቶች ቢያንስ ለአንድ ዓመት ሳይለውጡ ይያዙ፤ አንዱ ቢዘጋ መዘጋቱን ከነሠራተኞቹ ብዛት ይመዝግቡ እንጂ በሌላ ተክተው ዱካውን አያጥፉ። ድርጅት ሲዘጋ የሚበተነው ሠራተኛ የፍልሰቱ ትልቁ ክፍል ሊሆን ይችላልና።

ደረጃ 2፦ «ክፍት የሥራ ቦታ» ምን እንደሆነ መወሰን

በዚህ ረገድ ከሌላው አገር ልምድ ትርጉሙን መዋስ ይቻላል። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2000 ጀምሮ ክፍት ቦታን፣ ቅጥርንና ስንብትን በየወሩ ይለካል፤ የሚጠይቃቸው ድርጅቶችም 21,000 ያህል ናቸው። አንድ ቦታ ክፍት ነው ለመባል ሦስት ነገሮች በአንድነት እንዲሟሉ ይፈለጋል። መደቡ በእርግጥ ያለና ሥራ ያለው መሆን አለበት፤ ሰው ቢገኝ በ30 ቀናት ውስጥ ሥራ መጀመር የሚችል መሆን አለበት፤ ድርጅቱም ከውጭ ሰው በተግባር እየፈለገ መሆን አለበት። ቆጠራው የሚወሰደው በወሩ የመጨረሻ የሥራ ቀን ባለው ሁኔታ ነው።

ይህንን ወንፊት ወደ ድሬዳዋ ስናመጣው ብዙ ነገር ይወድቃል። በመሥሪያ ቤቱ መዋቅር ላይ ተስሎ በጀት ያልተያዘለት መደብ ክፍት ቦታ አይደለም። በውስጥ ዝውውርና ዕድገት ብቻ የሚሞላ መደብም አይደለም። «ለወደፊት ሲያስፈልገን እንጠራችኋለን» በሚል ለተጠባባቂነት የሚሰበሰብ ማመልከቻ አይቆጠርም። ተፈትኖ ያለፈና ሰኞ የሚጀምር ሰው ያለው ቦታም ከእንግዲህ ክፍት አይደለም። በአንጻሩ ማስታወቂያ ሳይወጣለት በሠራተኛ ዘመድ ወይም በደላላ በኩል ሰው እየተፈለገለት ያለ ቦታ ሦስቱን ነገሮች ስለሚያሟላ ይቆጠራል። ትርጉሙን በወረቀት አስፍረው ለሚጠይቋቸው ሰዎች ሁሉ በአንድ ዓይነት ቃል ያንብቡላቸው። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ቢዘጋጅ ይመረጣል፤ በዚህች ከተማ አንድ ጥያቄ በሦስት ቋንቋ ሲዞር ሦስት ትርጉም ይዞ የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው።

ደረጃ 3፦ ከማስታወቂያ ወደ ክፍት ቦታ መሻገር

ማስታወቂያ በሰሌዳ፣ በጋዜጣ፣ በቴሌግራም ቻናልና በሥራ ማገናኛ ድረ ገጾች ይወጣል። አንዱ ማስታወቂያ በአራቱም ቦታ ስለሚገኝ በቀጥታ የሚቆጥር ሰው አንዱን ሥራ አራት ያደርገዋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ማስታወቂያ በአንድ መስመር ይመዝግቡ፦ የድርጅቱ መለያ ቁጥር፣ የሥራ መደቡ መጠሪያ፣ ብዛት፣ የሚጠየቀው የትምህርት ደረጃና የሥራ ልምድ፣ ደመወዝ፣ ቋሚ ወይም ኮንትራት መሆኑ፣ የሥራ ቦታ፣ የወጣበትና የሚዘጋበት ቀን። ድርጅቱ፣ መደቡና የመዝጊያ ቀኑ ከተመሳሰሉ አንድ ማስታወቂያ ነው ብለው ይያዙ።

«ብዛት» የሚለው ዓምድ ይለይ። አንዱ ማስታወቂያ «ሒሳብ ሠራተኛ፣ ብዛት 1» ይላል፤ ሌላው «የስፌት ማሽን ኦፕሬተር፣ ብዛት 60»። ማስታወቂያ ከቆጠሩ ሁለቱ እኩል ናቸው፤ ቦታ ከቆጠሩ ግን የሚታየው ገበያ ፈጽሞ ሌላ ነው። ብዛቱ «በርካታ» ተብሎ ከተጻፈ ደግሞ መገመት ትተው ስልክ ደውለው ይጠይቁ።

ከማስታወቂያ ሁሉ የበለጠ የሚናገረው በራሱ ላይ «በድጋሚ የወጣ» የሚል ያለበት ነው። በተለየ ምልክት ይያዙት። አንድ መደብ በስድስት ወር ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ሲወጣ ከሦስት ነገሮች አንዱ ሆኗል፦ መሥፈርቱን የሚያሟላ ሰው አልተገኘም፣ የተገኘው በደመወዙ አልተስማማም፣ ወይም ተቀጥሮ ለቅቋል። በማስታወቂያው ላይ ሦስቱም አንድ መልክ አላቸው። እኔ በሰው ኃይል ክፍል በሠራሁበት አንድ ድርጅት የአንድ ኤሌክትሪሺያን ቦታ ዓመቱን ሙሉ ሲለጠፍ ቆይቷል፤ ከውጭ የሚያይ ሰው ከተማው ኤሌክትሪሺያን እንዳጣ ያስባል። በዚያው ዓመት ግን በዚያ ቦታ አራት ሰው ገብቶ አራቱም ወጥቷል። «ደመወዝ በስምምነት» የሚለው ሐረግ ምን ያህሉን ችግር እንደሸፈነ የሚያውቁት አራቱ ናቸው።

ደረጃ 4፦ ፍልሰትን ከፔሮል ማውጣት

የሠራተኛ ፍልሰት መረጃ ለማግኘት አዲስ መጠይቅ ማሰራጨት የግድ አይደለም። ደመወዝ የሚከፍል መደበኛ ድርጅት ሁሉ ለደመወዝ ግብርና ለጡረታ መዋጮ የሚያቀርበው ወርሃዊ የሠራተኛ ዝርዝር (ፔሮል) አለው። የሁለት ተከታታይ ወራት ዝርዝር ጎን ለጎን ሲቀመጥ በሁለተኛው ላይ ብቻ ያለ ስም ቅጥር ነው፤ በመጀመሪያው ላይ ብቻ ያለ ስም ስንብት ነው። የሰው ኃይል ኃላፊው ስሞቹን ሳያሳይዎት ቁጥሮቹን ብቻ ሊሰጥዎት ይችላል፤ እንዲያውም እንዲህ ቢሆን ይሻላል።

ዘዴው ሁለት ቀዳዳ አለው። የመጀመሪያው፣ በወሩ መጀመሪያ ገብቶ ከደመወዝ ቀን በፊት የጠፋ ሰው በየትኛውም ዝርዝር ላይ አይገኝም። በልብስ ስፌት ፋብሪካና በሆቴል እንዲህ ያለው ጥቂት ስላልሆነ የመግቢያ ፊርማ መዝገብ አብሮ ይታይ። ሁለተኛው፣ የወሊድ ፈቃድ ወይም ያለ ደመወዝ ፈቃድ ላይ ያለ ሰው ከዝርዝር ሊጠፋ ይችላል፤ ይህ ሰው ግን አልተሰናበተም።

ከዚያ እያንዳንዱን ስንብት በምክንያቱ ይከፋፍሉ። በራሱ ፈቃድ የለቀቀ፣ በአሠሪው ውሳኔ የተሰናበተ ወይም የተቀነሰ፣ እንዲሁም ጡረታን፣ ሞትንና ወደ እህት ድርጅት መዛወርን የሚይዝ «ሌላ» የሚል ሦስተኛ ክፍል ይኑር። የኮንትራት ጊዜ ማብቃትን በራሱ ዓምድ መያዝ ይመረጣል፤ የአሜሪካው ጥናት ጊዜያዊ ሥራ ሲያበቃ የሚወጣውን በአሠሪው ውሳኔ ከተሰናበተው ጋር ይደምረዋል፣ እዚህ ግን የፕሮጀክት ኮንትራት ብዙ ስለሆነ አብሮ ሲቀላቀል ሥዕሉን ያደበዝዛል።

በማህደር ላይ የተጻፈው ምክንያት ሁልጊዜ እውነተኛው አይደለም። «በራሱ ፈቃድ» የሚል ደብዳቤ አንዳንዴ «ከምናሰናብትህ ልቀቅ» ከሚል ንግግር በኋላ የሚጻፍ ነው። በተቃራኒው፣ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ሳይናገር የቀረ ሠራተኛ «ከሥራ በመቅረት የተሰናበተ» ተብሎ ይመዘገባል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ቢያዝም፣ ደመወዝ በተከፈለ ማግሥት የሚቀረው ይህንን አይጠብቅም። እንዲህ ያለውን፣ ማንም ሳያባርረው የቀረ መሆኑ ከታወቀ፣ በፈቃድ ከለቀቁት ጋር ይመድቡት። የስንብት ቀን ደግሞ ደብዳቤው የተጻፈበት ወይም ክሊራንስ የጨረሰበት ሳይሆን የመጨረሻ የሠራበት ቀን ይሁን።

ደረጃ 5፦ ምጣኔ ማውጣት

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለስሌት ማሳያ የተሰጡ ናቸው። አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ወሩን በ400 ሠራተኞች ጀመረ እንበል። በወሩ 38 ቀጠረ፤ 34 ወጡ። ከ34ቱ 27 በፈቃዳቸው የወጡ፣ 4 በድርጅቱ የተሰናበቱ፣ 3 በሌላ ምክንያት የወጡ ናቸው። ወሩን በ404 ዘጋ፤ በመጨረሻው የሥራ ቀን 25 ክፍት ቦታ ነበረው፣ ባለፈው ወር መጨረሻ ደግሞ 19።

የወሩ አማካይ ሠራተኛ 402 ነው። የቅጥር ምጣኔ 38 ለ402 ሲካፈል 9.5 በመቶ ገደማ ይሆናል። የስንብት ምጣኔ 34 ለ402፣ ማለትም 8.5 በመቶ ነው። በፈቃድ የመልቀቅ ምጣኔ 27 ለ402 ማለትም 6.7 በመቶ፣ በአሠሪ የመሰናበት ምጣኔ ደግሞ 1 በመቶ ያህል ነው። የክፍት ቦታ ምጣኔ አካፋይ ግን ይለያል፤ ክፍት ቦታው የሚካፈለው ለተያዙትም ላልተያዙትም ቦታዎች ድምር ስለሆነ 25 ለ429 ይሆንና 5.8 በመቶ ይሰጣል።

የፋብሪካው ሠራተኛ የጨመረው በ4 ሰው ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ። ለዚያ 4 ሰው 38 ሰው ተፈትኗል፣ ተቀጥሯል፣ የደንብ ልብስ ተሰጥቶታል፣ ሥልጠና ጀምሯል። ሪፖርት ላይ ግን «በወሩ ለ38 ወጣቶች የሥራ ዕድል ተፈጠረ» ተብሎ ሲጻፍ አይቻለሁ። የተፈጠረው ዕድል 4 ነው፤ የቀረው ወንበር መቀያየር ነው።

ደረጃ 6፦ ቦታው ስንት ቀን ክፍት እንደቆየ ማስላት

የዚህ መመሪያ ዋና ጉዳይ ይህ ደረጃ ስለሆነ ጊዜ ይሰጠው። ከላይ ያለው ፋብሪካ አማካይ ክፍት ቦታው 22 ነው፤ ይህም የ19 እና የ25 አማካይ ነው። በወሩ 26 የሥራ ቀን ቢኖር በቀን 1.46 ሰው ቀጥሯል። 22 ለ1.46 ሲካፈል 15 ይሆናል። አንድ ቦታ በአማካይ 15 የሥራ ቀን ያህል ክፍት ቆይቶ ይሞላል ማለት ነው።

አሁን ሌላ ድርጅት እንውሰድ፦ 50 ሠራተኞች ያሉት የጥገናና የብረታ ብረት ሥራ ወርክሾፕ። በወሩ አንድ ሰው ጡረታ ወጣ፤ አንድ ሰው ተቀጠረ፤ በሁለቱም ወራት መጨረሻ 5 ክፍት ቦታ ነበረው። የክፍት ቦታ ምጣኔው 5 ለ55፣ 9.1 በመቶ ነው። የቆይታ ጊዜው ግን 5 ሲባዛ በ26፣ ለ1 ሲካፈል፣ 130 የሥራ ቀን ይደርሳል። ከአምስት ወር አያንስም።

ሁለቱም ኃላፊዎች ስብሰባ ላይ «የሠራተኛ እጥረት አለብን» ይላሉ፤ የሁለቱም የክፍት ቦታ ምጣኔ ከፍ ያለ ነው። ሕመማቸው ግን አይገናኝም። ወርክሾፑ በእውነት ሰው የለውም፤ የያዘው ሰው አይለቅም፣ አዲስ ደግሞ አይገኝም። በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረችው ይህች ከተማ በድሮው የባቡር ወርክሾፕ ብዙ ባለእጅ አፍርታ ነበር፤ ከተርነርና ከብየዳ ባለሙያ ሥር ሆኖ ለዓመታት መማር ሲቀር፣ ክፍተቱ እንዲህ ባለ 130 ቀን ውስጥ ይገለጣል። ለዚህ መድኃኒቱ ሥልጠና ነው። ስፌት ፋብሪካው ግን በ15 ቀን ሰው ያገኛል። የእሱ ችግር ያገኘውን አለማቆየቱ ነው፤ ኮሌጁ ተጨማሪ 200 ኦፕሬተር ቢያስመርቅለትም የሚለውጠው ነገር የለም፤ መታየት ያለባቸው ደመወዙ፣ የፈረቃ ሰዓቱ፣ የማታ ሰርቪሱና የመኖሪያ ቤት ኪራዩ ናቸው። የክፍት ቦታ ብዛትን ብቻ የያዘ ዕቅድ አውጪ ለሁለቱም አንድ መድኃኒት ያዛል።

ደረጃ 7፦ የገቡትን በጊዜ መከተል

የስፌት ፋብሪካው 8.5 በመቶ ወርሃዊ ስንብት በ12 ሲባዛ ከ100 በመቶ በላይ ይሆናል። ይህ ማለት በዓመት ሁሉም ሠራተኛ ተቀየረ ማለት አይደለም። ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስተኛው ሠራተኛ ዓመታት የቆየ ሆኖ የቀረው አንድ ሦስተኛ ወንበር በዓመት ሦስት ጊዜ ይገለበጣል። ይህንን ለመለየት በአንድ ወር የተቀጠሩትን በአንድ ላይ ይያዙና በየወሩ መጨረሻ ስንቱ እንዳሉ ይቁጠሩ። በመስከረም ከገቡት 38 ሰዎች በጥቅምት መጨረሻ 26፣ በኅዳር 21፣ በታኅሣሥ 19 ከቀሩ፣ ትልቁ መውረድ የታየው በመጀመሪያው ወር ነው። አዋጁ የሙከራ ጊዜን እስከ 60 የሥራ ቀን ስለሚፈቅድ፣ ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ የወጡትን ለይቶ መያዝ ይጠቅማል። ከ60 ቀን በፊት የሚወጣው ሥራው እንደጠበቀው ያልሆነለት ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚወጣው ሙያውን ይዞ የሚሄድ ነው፤ ለአሠሪው የሁለተኛው ኪሳራ እጅግ ይከብዳል።

ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። የፎርድ መኪና ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1913 14,000 ያህል ሠራተኛ ለማቆየት ከ52,000 በላይ ሰው መቅጠር ነበረበት፤ በጃንዋሪ 1914 የቀን ክፍያን ወደ 5 ዶላር ያሳደገበት አንዱ ምክንያት ይህ ነበር። በኢትዮጵያም ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች በአምስት ድርጅቶች ያመለከቱ ሥራ ፈላጊዎችን በዕጣ መድበው ሲከታተሉ፣ ሥራውን ካገኙት አንድ ሦስተኛ ያህሉ በመጀመሪያው ወር፣ ከሦስት አራተኛ በላይ ደግሞ በዓመቱ ውስጥ ለቅቀዋል።

ደረጃ 8፦ መልቀቅንና መሰናበትን ለያይቶ ማንበብ

በበለጸጉ አገሮች በፈቃድ የመልቀቅ ምጣኔ የሠራተኛው የልብ ሙቀት ተደርጎ ይወሰዳል፤ የተሻለ እንደሚያገኝ የተማመነ ይለቃል፣ የፈራ ይቀመጣል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ወርሃዊው ምጣኔ 3 በመቶ ሲደርስ ሠራተኛው የመምረጥ አቅም እንዳገኘ ተቆጥሮ ነበር። እኛ ዘንድ ይህንን እንዳለ መውሰድ ያሳስታል። ስፌት ፋብሪካውን ለቅቆ ቀፊራ ገበያ የሚነግድ፣ ባጃጅ የሚይዝ ወይም ወደ ቤተሰቡ ገጠር የሚመለስ ሰው በእርግጥ ለቅቋል፤ ነገር ግን የተሻለ ደመወዝ ስለተጠራለት ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ለለቀቁት፣ ቢቻል ለጥቂቶቹ፣ ስልክ ደውለው «አሁን የት ነዎት?» ብለው ይጠይቁ። ወደ ሌላ ፋብሪካ የሄደ፣ ወደ ራሱ ሥራ የሄደና ያለ ሥራ የተቀመጠ ሦስቱም በተለያየ ዓምድ ይግቡ። አሥር ስልክ ከመቶ መስመር ሠንጠረዥ የበለጠ የሚያስረዳበት ጊዜ አለ።

ክፍት ቦታ እየጨመረ በፈቃድ መልቀቅም ከጨመረና የሚለቁት ወደ ሌላ ቀጣሪ ከሄዱ፣ ገበያው እየሞቀ ነው። ክፍት ቦታ ቀንሶ መልቀቅም ከቀነሰ፣ ስብሰባ ላይ «ሠራተኛው ረጋ» ቢባልም የረጋው ፈርቶ ሊሆን ይችላል። በአሠሪ የሚሰናበቱት ሳይጨምሩ ቅጥር ብቻ ሲቆም ደግሞ ድርጅቶቹ እየጠበቁ ናቸው፤ ለአዲስ ተመራቂ ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው፣ ማንም ሳይባረር በሩ ተዘግቷልና።

ደረጃ 9፦ ወቅትን መለየት

የአንድን ወር ቁጥር ከቀደመው ወር ጋር አስተያይቶ መደምደም አይገባም። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የመንግሥት ማስታወቂያ ከዚያ በኋላ ይበዛል። ቁልቢ ገብርኤል በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ሲከበር የሆቴልና የትራንስፖርት ጊዜያዊ ቅጥር ይንራል፤ በሚቀጥለው ወር ደግሞ ስንብት ሆኖ ይመለሳል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚመጣ የዘንድሮውን መጋቢት ከዓምናው መጋቢት ጋር ማስተያየት እንኳ ጥንቃቄ ይሻል። የድሬዳዋ ሙቀት በሚበረታባቸው ወራት የሚለቅ ሠራተኛ ይበዛ እንደሆነም የራስዎ መዝገብ ይንገርዎት። ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር አንድ ላይ ይያዙ፤ ለብቻዋ ወር ብትደረግ በአምስት ቀን ቁጥር የዓመቱን አማካይ ታዛባለች። ቢቻል የሦስት ወር ተንከባላይ አማካይ (የወሩንና የቀደሙትን ሁለት ወራት አማካይ) ያውጡ፤ ወርን ከዓምናው ተመሳሳይ ወር ጋር ያስተያዩ።

ደረጃ 10፦ ክፍት ቦታን ከሥራ ፈላጊ ጋር ማስተያየት

በእንግሊዛዊው ዊሊያም ቤቨሪጅ ስም የሚጠራ መስመር አለ። በአንዱ ዘንግ የሥራ አጥ ምጣኔ፣ በሌላው የክፍት ቦታ ምጣኔ ይቀመጣል፤ በተለመደው ጊዜ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። አሜሪካ ውስጥ በጁላይ 2009 ለአንድ ክፍት ቦታ ከ6 በላይ ሥራ አጥ ነበር፤ በማርች 2022 ግን ለአንድ ሥራ አጥ 2 ያህል ክፍት ቦታ ነበር። ሁለቱም በአንድ ላይ ከፍ ካሉ ግን ሥራውና ሥራ ፈላጊው አልተገናኙም ማለት ነው፤ በሙያ፣ በቦታ፣ በደመወዝ ወይም በመረጃ።

እዚህ የሚያስቸግረው የሥራ አጡ ዘንግ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ የሠራተኛ ኃይል ጥናት የተካሄደው በ1991፣ በ1997፣ በ2005 እና በ2013 ዓ.ም. ነው፤ ከወርሃዊ የክፍት ቦታ ቁጥር ጋር ጎን ለጎን አይሄድም። በተጨማሪም የእኛ ጥናት ሥራ በንቃት ያልፈለገውን ግን ቢያገኝ ለመሥራት ዝግጁ የሆነውንም ሥራ አጥ ብሎ ስለሚቆጥር ከሌላ አገር ምጣኔ ጋር በቀጥታ አይነጻጸርም። በምትኩ በሥራ ፈላጊነት የተመዘገቡትን ቁጥር መጠቀም ይቻላል፤ ነገር ግን ምዝገባ ሥራ ሲጠፋ ብቻ ሳይሆን ብድር ወይም ሼድ ይሰጣል ሲባልም ይጨምራል። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ድርጅቱን «ለዚህ ቦታ ስንት ሰው አመለከተ፣ ስንቱ መሥፈርቱን አሟላ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለአንድ የሒሳብ ሠራተኛ ቦታ መቶ፣ ለአንድ ተርነር ሁለት አመልካች ከተገኘ፣ የአለመገናኘቱ ቦታ ራሱ ተናገረ።

ደረጃ 11፦ ማስታወቂያ የማይወጣለትን ሥራ አለመርሳት

የከተማዋ ትልቁ ክፍል በታይዋንና በቀፊራ ገበያ፣ በጫት ንግድ፣ በባጃጅ፣ በግንባታ የቀን ሥራ የሚኖር ነው። እዚያ ክፍት ቦታ ማለዳ ተከፍቶ ረፋድ ላይ ይዘጋል፤ ፔሮልም የለም። የሚታይ ምልክት ግን አለ፦ የቀን ሠራተኛ ዋጋ። ሠራተኛ በሚቆምበት አንድ ቦታ፣ በሳምንቱ በአንድ የተወሰነ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ የጉልበት ሠራተኛና የግንበኛ የቀን ክፍያ ስንት እንደሆነና እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ሳይወሰዱ የቀሩት ስንት እንደሆኑ ይመዝግቡ። ዋጋው ከእህልና ከዘይት ዋጋ ጋር ተነጻጽሮ ከጨመረ ሰው ተፈልጓል፤ ዋጋው ቆሞ የቀሩት ከበዙ ሥራ ቀዝቅዟል። ይህንን ከፋብሪካው ቁጥር ጋር አይደምሩት፤ በሌላ ገጽ ይቀመጥ።

ደረጃ 12፦ ማቅረብ

በአንድ ዘርፍ ከሦስት ያነሰ ድርጅት ከመለሰ የዚያን ዘርፍ ቁጥር ለብቻው አያውጡ፤ ድሬዳዋ ውስጥ «አንድ የስሚንቶ ፋብሪካ» ብሎ ስም መደበቅ አይቻልም። ከ30 ሠራተኛ በታች ባለው ድርጅት አንድ ሰው ሲለቅ ምጣኔው ከ3 በመቶ በላይ ስለሚዘል፣ ትንንሾቹን ደምረው በአንድ ምጣኔ ያቅርቡ። በእያንዳንዱ ሠንጠረዥ ግርጌ ስንት ድርጅት እንደተጠየቀና ስንቱ እንደመለሰ ይጻፍ። ላልመለሰው ባዶ ይተዉ እንጂ ያለፈውን ወር ቁጥር አይገልብጡ።

ወርሃዊው ሪፖርት ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል፦ ክፍት ቦታ፣ ቅጥር፣ በፈቃድ የለቀቁ፣ የተሰናበቱ፣ የቆይታ ጊዜ፣ በድጋሚ የወጡ መደቦች ዝርዝርና የአመልካቾች ብዛት። መረጃ ለሰጡት ድርጅቶች ሁሉ ገጹን ይላኩላቸው፣ የራሳቸው ምጣኔ ከዘርፉ አማካይ ጎን ተጽፎ። በሚቀጥለው ወር ስልክ ሲደውሉ የሚያነሱት ይህንን ያገኙት ናቸው።